የሂሜጂ ግንብ በ2,125 ቁራጭ፦ የጃፓን ግንቦች ሲፈርሱ ምን ተረፈ?

የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ በ2023 አንድ ሳጥን ለገበያ አወጣ። ውስጡ 2,125 ትናንሽ የፕላስቲክ ጡቦችና ቁራጮች አሉ። መመሪያውን ገጽ በገጽ እየተከተለ የገጣጠማቸው ሰው መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው በምዕራብ ጃፓን፣ ሂሜጂ በምትባል ከተማ ያለውን ነጭ ግንብ ነው። ከታች ግራጫ የድንጋይ ካብ፣ በላዩ ደረጃ በደረጃ እየጠበቡ የሚወጡ ጣሪያዎች፣ ዳር ዳሩን ሮዝ አበባ ያበቡ የቼሪ ዛፎች። ሳጥኑ ላይ ዕድሜ 18 እና ከዚያ በላይ ይላል። የተሠራው ለአዋቂ ነው።

"አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ ስለ አሻንጉሊት ትጽፍልናለህ?" የሚለኝ ተከታታይ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጉዳዩ ግን ከአሻንጉሊት ይሰፋል። ጃፓን ውስጥ ከፊውዳሉ ዘመን ጀምሮ ዋና ማማቸው እስከ ዛሬ የቆየላቸው ግንቦች 12 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ተቃጥለዋል፣ በአዋጅ ፈርሰዋል፣ በጨረታ ተሸጠዋል፣ በቦምብ ወድመዋል። ከፈረሱት ጥቂቶቹ ተመልሰው ቆመዋል። እነዚህን ጥቂቶች ከቀሩት የለያቸው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ የደረስኩበት መልስ እዚያው ሳጥን ውስጥ አለ። ቁራጮቹ ብቻቸውን ግንብ አይሆኑም፤ መመሪያ ያስፈልጋቸዋል። ለእውነተኛው ግንብ መመሪያው የንድፍ ወረቀት፣ የእንጨት ሞዴል ወይም የአናጢ እጅ ሊሆን ይችላል። ማን እንዳዘጋጀው፣ ለምን እንዳስቀመጠው፣ ማንስ እንደተጠቀመበት ግን የፖለቲካ ታሪክ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ እሱን ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከካቡ እንጀምር

በሌጎ ግድግዳ የሠራ ልጅ ሁሉ ቶሎ የሚማረው አንድ ሕግ አለ። ጡቦቹን አንዱን በሌላው ራስ ላይ ልክ ለልክ ከደረደራቸው ግድግዳው በመገጣጠሚያው በኩል ይለያያል። የላይኛው ጡብ የታችኞቹን ሁለት ጡቦች ድንበር መሸፈን አለበት።

የጃፓን ካብ ሠሪዎች በግንቡ ማዕዘን ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ረጃጅም ድንጋዮችን ያመጡና የአንዱን ረጅም ጎን ወደ ቀኝ፣ ከላዩ ያለውን ደግሞ ወደ ግራ እያዞሩ ይደረድራሉ። ማዕዘኑ እንደተጠላለፉ ጣቶች ይያያዛል። ዘዴው ሳንጊ ዙሚ ይባላል። በድንጋዮቹ መካከል ጭቃም ኖራም የለም። ከፊት ከሚታየው ድንጋይ ጀርባ ትናንሽ ድንጋይ ይሞላል፤ የዝናብ ውሃ በዚያ ሾልኮ ይወጣል እንጂ ካቡን ከኋላ አይገፋውም።

በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነው በቢዋ ሐይቅ አጠገብ ያለችው የአኖ መንደር ሰዎች ናቸው። የጦር አበጋዙ ኦዳ ኖቡናጋ ከ1576 ጀምሮ አዙቺ ላይ ያሠራው ግንብ ለተከታዮቹ ሁሉ አርአያ ሆነ። ኖቡናጋ በ1582 የገዛ የጦር አዛዡ ከድቶት ሲሞት ግን አዙቺ ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ። የእንጨቱ ማማ በትክክል ምን ይመስል እንደነበር ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የግንቡን መልክ የያዘ ሥዕል በ1585 ሮም ለጳጳሱ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ የአዙቺ ሞዴል የሚሠራ ሰው የሚሠራው የአንዱን ወይም የሌላውን ምሁር ግምት ነው። ካቡ ቀርቷል፤ መመሪያው ጠፍቷል።

የሂሜጂ ካብ ሌላ ነገር ይነግረናል። ድንጋይ ሲያጥር ሠራተኞቹ ያገኙትን ሁሉ ሰብስበው ካቡ ውስጥ ከተውታል። የጥንት የመቃብር ሣጥን፣ የድንጋይ ፋኖስ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሳይቀር አለበት። ስለ ወፍጮው ድንጋይ የሚነገር ተረት አለ። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በ1580 ገደማ ግንቡን ሲያሠራ ድንጋይ አለቀበት። አንዲት ድሀ አሮጊት ይህን ሰማችና መተዳደሪያዋ የነበረውን ወፍጮ ሰጠችው፤ ወሬው ተዛምቶ ሕዝቡ ድንጋይ ያመጣ ጀመር ይላሉ። ድንጋዩ ዛሬም በሽቦ መረብ ተከልሎ ለጎብኚ ይታያል። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ካቡ ውስጥ የገቡት የመቃብር ሣጥኖች ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው። የሰጠችውን አሮጊት የሚያስታውስ ተረት ተርፏል፤ መቃብራቸው ለተወሰደባቸው ሙታን ተረት የሠራላቸው የለም።

ነጩ ለምን ነጭ ሆነ?

ሂሜጂ በቅጽል ስሙ የነጩ ሳቢሳ ግንብ ይባላል። ፎቶው ላይ ሲታይ ለዓይን ውበት የተቀባ ይመስላል። ሆኖም የነጭነቱ ምክንያት እሳት ነው።

በ1543 የፖርቱጋል ሰዎች ታኔጋሺማ በምትባል ደሴት ላይ ጠመንጃ ለጃፓኖች አስተዋወቁ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ጠመንጃ የጦርነቱን መልክ ቀየረው። ግንቦቹ ደግሞ አጥንታቸው እንጨት ነው፤ ለእሳት የቀረቡ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ክፈፍ ድረስ በወፍራም ልስን ሸፈኑት። ልስኑ ኖራ፣ ከባሕር አረም የተቀቀለ ሙጫና የቃጫ ጭረት የተቀላቀለበት ነው። በግድግዳው ላይ የሚታዩት ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ክብና አራት ማዕዘን ቀዳዳዎችም ጌጥ አይደሉም፤ የቀስትና የጠመንጃ መተኮሻ ናቸው። ከበሩ ወደ ማማው የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ የሚመለስ እየመሰለ ይሄዳል። አጥቂው ሲደናገር ከላይ እንዲመታ ታስቦ ነው።

ዋናው ማማ ከውጭ ለሚያየው አምስት ደርብ ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ስድስት ደርብና አንድ ምድር ቤት ይቆጠራል። የድንጋይ መሠረቱ 15 ሜትር ገደማ፣ በላዩ ያለው ማማ 31 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከሙት ምሥራቅና ምዕራብ የቆሙ፣ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ደርብ የሚደርሱ ሁለት ግዙፍ ምሰሶዎች ናቸው።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ዝግጅት ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው። ዛሬ የምናየው ግንብ ካለቀ በኋላ ትልቅ ከበባ አልገጠመውም። በ1868 የአዲሱ መንግሥት ጦር ሲመጣም ግንቡ እጁን ሰጠ።

ሳጥኑ ውስጥ የሌሉት

ታዲያ የማይዋጋ ግንብ ምን ሠራ? ገዛ። እዚህ ላይ ሞዴሉ የማያሳየንን ማየት አለብን።

በ1600 ሴኪጋሃራ ላይ በተደረገው ጦርነት ቶኩጋዋ ኢዬያሱ አሸነፈ። ሂሜጂን ለአማቹ ለኢኬዳ ቴሩማሳ ሰጠው፤ ቴሩማሳ የኢዬያሱን ልጅ ያገባ ነው። ከምዕራብ ወደ መሐል አገር የሚወስደው መንገድ በዚያ ስለሚያልፍ፣ በዚያ ያሉትን መሳፍንት የሚከታተል የታመነ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቴሩማሳ ከ1601 እስከ 1609 አሮጌውን ግንብ አፍርሶ አሁን ያለውን አሠራ።

የቴሩማሳ ግዛት የተተመነው በ520,000 ኮኩ ነበር። ኮኩ የሩዝ መስፈሪያ ነው፤ አንድ ኮኩ አንድን ሰው ለዓመት ይቀልባል ተብሎ ይታሰባል። የአንድ መስፍን ኃይል የሚለካው ግዛቱ በሚያወጣው ሩዝ ነበር ማለት ነው። ሩዙን የሚያመርተው ገበሬው፣ ድንጋዩን የሚጎትተውም ገበሬው ነው፤ የእኛ አባቶች ሁዳድ ይሉት እንደነበረው ያለ የግዳጅ ሥራ ነበረበት። ያ ገበሬ ደግሞ መሣሪያ የለውም። ሂዴዮሺ በ1588 ባወጣው አዋጅ የገበሬው ጎራዴና ጦር ተለቅሟል። ሳሙራዩ ከመንደር ወጥቶ በግንቡ ዙሪያ ሰፈረ፣ ገበሬው መሬቱ ላይ ቀረ። ነጩ ማማ ከሩቅ የሚታየው ለጠላት ብቻ አልነበረም፤ ሩዝ ለሚገብረው ሁሉ የበላዩ ማን እንደሆነ በየዕለቱ ያሳየው ነበር።

በሌጎው ሞዴል ላይ ማማውና ዛፎቹ አሉ። የግብር ጎተራው፣ የሳሙራዩ ሰፈር፣ ድንጋይ ጎታቹ የሉም። ይህን የምለው ኩባንያውን ለመክሰስ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉን ሊይዝ አይችልም። ግን የታሪክ መጻሕፍትና የቱሪስት ፖስተሮችም የሚሠሩት ምርጫ ተመሳሳይ ነው። ማማውን ያስቀሩና ማማው የቆመበትን ሥርዓት ያወጡታል።

ጥርጣሬ የወለደው መዝገብ

አሁን ወደ መመሪያው እንምጣ። የጃፓን ግንቦች ንድፍ በብዛት የተረፈው ቅርስ ወዳድ መንግሥት ስለነበረ አይደለም። የተረፈው መንግሥቱ ተጠራጣሪ ስለነበረ ነው።

ቶኩጋዋዎች በ1615 የመጨረሻውን ተቀናቃኛቸውን ኦሳካ ላይ ከደመሰሱ በኋላ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛ፣ በአንድ ግዛት አንድ ግንብ ብቻ ይቅር፤ ሌላው ይፍረስ። ሁለተኛ፣ የቀረውን ግንብ ለመጠገን እንኳ ከሾገኑ ፈቃድ ይጠየቅ፤ አዲስ መገንባት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ትእዛዙ የወረቀት ላይ ትእዛዝ እንዳልነበረ በ1619 ታየ። የሂሮሺማው መስፍን ፉኩሺማ ማሳኖሪ በሴኪጋሃራ ለኢዬያሱ ወግኖ የተዋጋ ትልቅ ሰው ነው። ጎርፍ ያበላሸበትን የግንብ ካብ ያለ በቂ ፈቃድ አስጠገነ ተብሎ ወደ 500,000 ኮኩ የሚጠጋ ግዛቱን ተነጠቀና ከዚያ አንድ አሥረኛ ወደማይሞላ ርቆ ወደሚገኝ ቦታ ተዛወረ። በካብ ጥገና ምክንያት!

ከዚያ በኋላ መስፍኑ ሁሉ ተጠነቀቀ። ካብ ሲናድ ንድፍ ተሥሎ፣ የተናደው ቦታ ምልክት ተደርጎበት ወደ ኤዶ ይላካል። በ1644 ደግሞ ሾገኑ ግዛቶቹ ሁሉ የግንባቸውን ካርታ ሠርተው እንዲያስገቡ አዘዘ፤ የካቡ ከፍታ፣ የውሃ ቦዩ ስፋትና ጥልቀት ሳይቀር ተጽፎበት። ከእነዚህ ካርታዎች 63ቱ ዛሬ በጃፓን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ።

ሾገኑ ካርታዎቹን የፈለጋቸው አንድ ቀን ግንቦቹን መምታት ቢያስፈልገው ብሎ ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግን የሚጠቀሙባቸው ጠጋኞችና ተመራማሪዎች ሆነዋል። የስለላ ፋይል የቅርስ ሰነድ ሆነ። ቢሮክራሲን ስንረግም እንዲህ ያለውንም የሥራ ውጤቱን ማስታወስ ደግ ነው፤ ወረቀቱን ያላቃጠለው ጸሐፊ ማን እንደሚጠቀምበት አያውቅም።

ያልተሠራው ማማ

በ1657 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተቃጠለች። እሳቱ አብዛኛውን ከተማ በላ፤ የሞተው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በጃፓን ታሪክ ረጅሙ የነበረው የሾገኑ ግንብ ማማም ነደደ፤ ከነመሠረቱ ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ ነበር።

ወዲያው መልሶ የመሥራት ዝግጅት ተጀመረ። የማማው የድንጋይ መሠረት በታላቅ ወጪ ተካበ። ንድፍ አለ፣ አናጢ አለ፣ ገንዘብ ማዋጣት የሚችል መንግሥት አለ። በዚህ ጊዜ የወጣቱ ሾገን አጎት ሆሺና ማሳዩኪ ተቃወመ። ክርክሩ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ማማው በዚህ ዘመን ሩቅ ከማየት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ገንዘቡና ጉልበቱ ከተማውን ለማቆም ይዋል። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። ማማው በዚያው ቀረ። ቶኩጋዋዎች ከዚያ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ያለዚያ ማማ ገዙ፤ ማማ ስላልነበራቸው የደፈራቸው የለም።

ዛሬ በቶኪዮ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት የምሥራቅ አትክልት ቦታ የገባ ሰው ባዶውን የድንጋይ መሠረት ወጥቶ ሊያየው ይችላል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ እዚያው ግቢ የማማው ሞዴል በ1/30 ልኬት ተሠርቶ ለሕዝብ ቀርቧል። እንደገና ይሠራ የሚሉ ድምፆች አሉ። እኔ ባዶው መሠረት ከሁሉም ግንቦች የሚበልጥ ሐውልት ይመስለኛል። በአመድ ላይ የቆመ መንግሥት ከራሱ ክብር ይልቅ የነዋሪውን ጣሪያ ያስቀደመበትን ቀን ያስታውሳል።

በጨረታ የተሸጠ ግንብ

የሾገኖቹ አገዛዝ በ1868 ሲወድቅ ግንቦቹ የአሮጌው ሥርዓት ምልክት ሆነው ተገኙ። የሜይጂ መንግሥት በ1873 ለጦር ሠራዊቱ የሚሆኑትን ለይቶ ሌሎቹ እንዲወገዱ ወሰነ። ብዙ ግንቦች ለእንጨታቸውና ለብረታቸው ተሸጡ። ሂሜጂም በጨረታ በ23 ዬን ከ50 ሴን ተሸጦ እንደነበር ይነገራል፤ ገዢው ማፍረሻው ከሚያገኘው ትርፍ በለጠበትና ተወው ይባላል። ያኔ ሂሜጂን ያተረፈው ማንም ሊያፈርሰው አለመቻሉ ነው ማለት ይቻላል።

በ1878 ናካሙራ ሺጌቶ የተባለ የጦር ኮሎኔል ሂሜጂና ናጎያ እንዲጠበቁ ለበላዮቹ አቤት አለ። የመታሰቢያ ድንጋዩ ዛሬ በሂሜጂ ግንብ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከዚያም 1945 መጣ። ነጩ ግንብ ከአየር እንዳይታይ በጥቁር መረብ ተሸፈነ። በሐምሌ መጀመሪያ ሌሊት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን አነደዷት። በማማው ላይ የወደቀች አንዲት ተቀጣጣይ ቦምብ ሳትፈነዳ ቀረች። ነዋሪው ሲነጋ ቀና ብሎ ሲያይ ዙሪያው አመድ ሆኖ ግንቡ ቆሟል።

ናጎያና ሂሮሺማ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። የናጎያ ማማ በግንቦት 1945 በቦምብ ነደደ። የሂሮሺማውን በነሐሴ የወደቀው አቶሚክ ቦምብ ጣለው።

ኮንክሪት ወይስ እንጨት?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመሩት የኢትዮጵያ ልዑክ ጃፓን የደረሰው በ1931 መገባደጃ ላይ ነው። ኅሩይ ያዩትን "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። የእኛ የዘመኑ ምሁራን ጃፓንን ወግዋን ሳትለቅ የሠለጠነች አገር አድርገው በምሳሌነት ያነሷት ነበር። በዚያው በ1931 መገባደጃ ኦሳካ ላይ የተመረቀ አንድ ሕንፃ ይህ ሥዕል ምን ያህል የተወሳሰበ እንደሆነ ያሳያል።

የኦሳካ ግንብ ማማ በ1665 በመብረቅ ከነደደ ወዲህ አልነበረም። የከተማው ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ዬን አዋጣና ማማው በብረትና በኮንክሪት ተሠራ። ከመዋጮው ግማሽ በላይ የዋለው ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ለሚሠራ የጦር ክፍል ጠቅላይ መምሪያ ነበር። ማማው ራሱም ድብልቅ ነው። የተቀመጠው በቶኩጋዋዎች ካብ ላይ ነው፤ መልኩ የተወሰደው ቶኩጋዋዎች ካጠፉት ከቶዮቶሚ ዘመን ግንብ ሥዕል ነው። ከሁለት የተለያዩ ሳጥኖች የወጡ ቁራጮች አንድ ላይ ተገጣጥመዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ከተሞች የኦሳካን መንገድ ተከተሉ። ሂሮሺማ በ1958፣ ናጎያ በ1959 ማማቸውን በኮንክሪት አቆሙ። ለተጎዳ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እሳት የማይበላው ግንብ ነበር የፈለጉት።

ዛሬ ናጎያ ሌላ ክርክር ውስጥ ናት። ኮንክሪቱ አርጅቷል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አይችልም ተብሎ ማማው ከ2018 ጀምሮ ለጎብኚ ተዘግቷል። ከተማው እንደ ጥንቱ በእንጨት ልሥራው ይላል። ይህን ለማለት ያስደፈረው መመሪያው መኖሩ ነው፤ ከመቃጠሉ በፊት በ1930ዎቹ ተለክቶ የተሣሉ ከ300 በላይ የንድፍ ወረቀቶችና የመስታወት ፎቶዎች ተርፈዋል። ነገር ግን "ልክ እንደ ጥንቱ" ማለት ሊፍት የሌለው ማማ ማለት ሆነ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ዜጎች "የፈረሰውማ ሊፍት ነበረው፤ በእኛ ግብር የሚሠራው አዲሱ እንዴት ይዘጋብናል?" ብለው ተነሡ። በ2023 በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ አካል ጉዳተኞችን የሚያዋርድ ንግግር ተሰምቶ ከተማውን ይቅርታ እስከ መጠየቅ አድርሶታል።

እዚያው ናጎያ በ2017 በተከፈተው የሌጎላንድ መዝናኛ ውስጥ ከሌጎ ጡብ የተሠራ የናጎያ ግንብ አለ። የትልቁ በር ሲዘጋ የትንሹ ክፍት ነው። ማንም ልጅ፣ በእግሩም በወንበርም የመጣ፣ ዙሪያውን እያየ ይዞራል።

ከኮንክሪት የተለየ መንገድ የመረጠች ትንሽ ከተማም አለች። በሺኮኩ ደሴት የምትገኘው ኦዙ ማማዋን በ1888 አፍርሳ ነበር። በ2004 ከ19 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ማማ ሙሉ በሙሉ በእንጨት መልሳ ሠራችው። ይህን ያስቻላት ሁለት ነገር ነው፤ ከመፍረሱ በፊት የተነሡ ፎቶዎችና በኤዶ ዘመን የተሠራ የማማው የእንጨት ሞዴል። ፎቶው የውጭውን መልክ ሰጠ። ሞዴሉ ምሰሶው የት እንደሚቆም፣ ወጋግራው እንዴት እንደሚያያዝ አሳየ። አንድ አናጢ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ግንብ ሠርቶ ሞተ፤ ከዘመናት በኋላ የከተማው ልጆች ከዚያ ትንሽ ግንብ ትልቁን አወጡ።

የትኛው ነው እውነተኛው?

"ታዲያ ይሄ አዲስ እንጂ ጥንታዊ ነው እንዴ?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሂሜጂን ታሪክ እንመልከት። ከ1956 እስከ 1964 ዋናው ማማ እስከ መሠረቱ ተፈታ፣ እንጨቱ እየተመረመረ የበሰበሰው ተቀየረ፣ መልሶም ተገጣጠመ። የምዕራቡ ትልቅ ምሰሶ በአዲስ ተተካ፤ እሱም ከሁለት ዛፎች ተቀጥሎ የተሠራ ነው። ከ2009 እስከ 2015 ደግሞ ልስኑና የጣሪያው ሸክላ ታደሰ። ይህ ሆኖ ሳለ ዩኔስኮ በ1993 ሂሜጂን ከጃፓን የመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

በዓመቱ፣ በ1994፣ በጃፓኗ ናራ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ስለ ቅርስ እውነተኛነት አንድ ሰነድ አወጡ። እውነተኛነት በቁሱ ብቻ እንደማይመዘን፣ በባህሉ ውስጥ፣ በአሠራሩና በሙያው ጭምር መታየት እንዳለበት ተስማሙ። ለድንጋይ ሕንፃ የተሠራው የአውሮፓ መለኪያ ለእንጨት አገር አልበቃም ነበር። የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ካለው ባዶ ቦታ ላይ በአዲስ እንጨት ይሠራል፤ መጨረሻ የተሠራው በ2013 ነው። እንጨቱ አዲስ ነው፣ ሙያው ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሳይቋረጥ የመጣ ነው።

ኩማሞቶ ይህን በዘመናችን አሳይታለች። በሚያዝያ 2016 የመሬት መንቀጥቀጥ ካቶ ኪዮማሳ ያሠራውን ግንብ ካብ በብዙ ቦታ ናደው። በአንድ በኩል አንድ ትልቅ የማዕዘን ማማ ሥሩ ተንዶ በአንዲት የማዕዘን ድንጋይ ዓምድ ላይ ብቻ ቆሞ ቀረ። ያ ዓምድ መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት፣ ቀኝና ግራ እየተጠላለፈ የሚካበው ሳንጊ ዙሚ ነው። የወደቁት ድንጋዮች ተለቅመው ቁጥር ተጻፈባቸው፤ ከመንቀጥቀጡ በፊት ከተነሡ ፎቶዎች ጋር በኮምፒውተር እየተመሳከሩ እያንዳንዱ የነበረበት ቦታ ይፈለግለታል። ዋናው ማማ በ2021 ተከፍቷል። ሥራው ሁሉ ያልቃል የተባለው ግን በ2052 ነው። ዛሬ ድንጋይ ከሚቆጥሩት መካከል ፍጻሜውን የማያዩ አሉ። ቁጥሩን አስተካክለው እስከጻፉ ድረስ ሌላው ይጨርሰዋል።

"ግንብ" የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጎንደርን እንደሚያስታውስ አውቃለሁ። ያ የራሱ ሰፊ ጽሑፍ ይገባዋል፤ ከጃፓን ታሪክ ጋር ደባልቄ ላሳንሰው አልፈልግም። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ፍርድ ግን ለማንም አገር የሚሠራ ይመስለኛል። የሚፈርስ ነገር ያለው ሕዝብ ሳይፈርስ በፊት ይለካው፣ ይሣለው፣ ሞዴሉን ይሥራ፣ ሙያውን ለልጅ ያስተምር። ሥራው ብዙ ብር አይፈልግም፣ ሪባን የሚቆረጥበት ምርቃትም የለውም፤ ስለዚህ ባለሥልጣን አይወደውም። ከፈረሰ በኋላ ደግሞ መልሶ መሥራት ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው የሆሺና ማሳዩኪ ጥያቄ ነው፦ የሰዉ ቤት ቆሟል ወይ? ቀጥሎ የናጎያ ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ይመጣል፦ ሲሠራስ ማን ይገባበታል? ሁለቱ መልስ ካገኙ በኋላ ድንጋዩን መቁጠር ይቻላል።